ሳትመልሺ አትገልብጪ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ትናንት አክስትሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ ነበር። «ልጅሽ ለነርስነት ፈተናው ስትል ከሥራ ገብታም አትተኛ፣ እህል የምትቀምሰው ቆማ ነው፣ ቤቱን ካርድ በካርድ አድርጋዋለች» አለችኝ። እንዳትቆጪያት፤ እኔው ነኝ ያወጣጣኋት። የአንዱን ፍላሽ ካርድ፣ የማጥኛ ካርድሽን ማለቴ ነው፣ ፎቶም ላከችልኝ። ቀለሙ ሲያምር! ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ፊቱ ላይ «ማግኒዥየም ሰልፌት» የሚል የመድኃኒት ስም አለ፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ታጭቋል። ይሄ ካርድ አይደለም የኔ እናት፣ የተቆራረጠ መጽሐፍ ነው።

አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። «ማግኒዥየም ሰልፌት የበዛባት እናት መጀመሪያ የምታጣው ምንድን ነው?» ጀርባው፦ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ጉልበት በመዶሻ ሲነካ እግር የሚፈናጠረው። በሌላ ካርድ፦ «ማርከሻው?» ካልሲየም ግሉኮኔት። የደም ማቅጠኛዎቹስ ማርከሻ? የሄፓሪን? ፕሮታሚን ሰልፌት። የዋርፋሪን? ቫይታሚን ኬ። በቃ። እኔ ማዋለጃ ክፍል ስሠራ ሌሊት ሲጠሩኝ ገጽ ሙሉ ማስታወሻ አልደግምም ነበር፤ መዶሻዋን ይዤ ቀጥታ ወደ ጉልበቷ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሳትመልሺ አትገልብጪ። አክስትሽ «ቶሎ ቶሎ ታገላብጣለች» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። መልሱን አይቶ «አዎ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ማለት ማወቅ አይደለም። ጮክ ብለሽ ተናገሪው፤ ሰው ካለ ጻፊው። ከዚያ ገልብጪ።

አያትሽ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ቀን መጽሐፍ ያነባሉ፤ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት ነው። መብራት የለም። ገልጦ ማየት የሚባል ነገር የለም። ተማሪው የያዘውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሲስት መምህሩ ከተኙበት ያርሙታል። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ዳዊታቸውን አላቋረጡም፤ 150ውን መዝሙር! እኔ ቡና እያፈላሁ እሰማቸዋለሁ። አንቺም እግራቸው ሥር ተኮልኩለሽ ታንጎራጉሪ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ቴፑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ድምፃቸውን ሳልቀዳው መቅረቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። የሠርግ ዘፈን የሞላበት ካሴት ነበር እኮ ያለኝ፤ በላዩ ብቀዳበት ምን ነበረበት... ወይ ጉድ፣ ምን ልልሽ ነበር?

አዎ፣ ካርዶቹን በሳጥን ከፋፍሎ ማጥናት። ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ወንድምሽ አሳይቶኝ ነው። የመለስሽው ካርድ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፍና ቆይቶ ይመጣል። የሳትሽው ወደ መጀመሪያው ይመለስና ነገውኑ ይጠየቃል። አንኪ የሚባለው አፕ ቀኑን ራሱ ይቆጥርልሻል። የሚያውቁትን ማገላበጥ ደስ ይላል፤ ግን ጊዜ መግደል ነው።

ደግሞ ኤንክሌክስ፣ ያ የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተናሽ፣ ሽምደዳ ብቻ አይደለም። «ከአራቱ ታካሚዎች ማንን ቀድመሽ ታያለሽ?» ብሎ ነው የሚይዝሽ። እዚያ ላይ ካርድ አያድንሽም፤ ጥያቄ ሥሪ። ስትስቺ ለምን እንደሳትሽ በአንድ መስመር ካርድ ላይ አስፍሪ። ፈተናው ቢያንስ 85፣ ሲበዛ 150 ጥያቄ፣ ጊዜው ሲበዛ 5 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ያን ሁሉ አይችለውም። ተኚ ብያለሁ! ቢከፋ ቢከፋ 45 ቀን ጠብቀሽ እንደገና ትፈተኛለሽ፤ ሰማይ አይደፋብሽም።

በዚህ ወር ብር እንዳትልኪ። ትርፍ ሰዓቱንም ቀንሺው። ሽሮና በርበሬ በሰው ልኬያለሁ፤ ከአክስትሽ ቤት ውሰጂ፤ ቁጭ ብለሽ ብዪ።

የሚያስቸግሩሽን ካርዶች ፊትና ጀርባቸውን አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እሁድ ስትደውዪ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። «ትንሽ ጠቁሚኝ» አይሠራም፤ ሳትመልሺ አልገለብጥም። ደግሞ በትልቁ ጻፊው፤ መነጽሬ ድሮ የምታውቂው ነው።

እናትሽ