ሥዕሉን ከመስኮቱ ፊት አውርዱልን

ለከተማችን ምክር ቤት የባህል ጉዳይ ኃላፊ

ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጻፍኩልዎ። ሦስቱንም ጊዜ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ሥዕሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። አሁን በአደባባይ፣ በራሴ ቋንቋ እጽፋለሁ። እዚህ የምንኖር ሐበሾችም ግብር እንከፍላለን፣ ንብረቱ የእኛም ነው።

የማወራው ሙዚየሙ መግቢያ ላይ፣ ከትልቁ መስኮት ትይዩ ስለተሰቀለው ንድፍ ነው። የሮማንቲክ ዘመን፣ ማለትም የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሥራ ነው፤ ሰማያዊ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ የተሳለ ኮረብታ፣ ጥቂት ዛፎች፣ ደመና። ባለፈው ወር ጠጋ ብዬ ሳየው ዙሪያውን የያዘው ካርቶን ሸርተት ብሏል። ከሥሩ የጣት ስፋት ያህል ወረቀት ብቅ ብሏል። ጥርት ያለ ሰማያዊ! የቀረው ሁሉ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቡኒ ሆኗል። ለጥበቃው ባሳየው «አርጅቷል እኮ» አለኝ። ቢያረጅማ ጠርዙም አብሮ ያረጅ ነበር። ፀሐይ ነው የበላው።

በዚያ ዘመን ባለቀለም ወረቀት የሚመረጠው ለጌጥ አልነበረም። ጥቁሩ ጠመኔ ጥላውን፣ ነጩ ብርሃኑን ይሰጣል፤ በመካከል ያለውን ሁሉ፣ ሰማዩንም አየሩንም፣ የሚሸከመው ወረቀቱ ነው። እንግሊዛዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1802 የአልፕስን ተራሮች ሲዞር ግራጫ በተቀባ ወረቀት ላይ በጥቁር ጠመኔ ይስል፣ ነጭ ቀለምም ጣል ያደርግበት ነበር። ነጩ እንዲያ የሚያበራው ከሥሩ ግራጫው ስላለ ነው። ከእኛው ሥዕል ሰማያዊው ሲሄድ ሰማዩ አብሮ ሄደ፣ ደመናውም የለም ማለት ይቻላል።

እንዲህ ላለ ወረቀት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) መብለጥ እንደሌለበት፣ ጥቂት ወር ታይቶም ጨለማ ውስጥ ማረፍ እንዳለበት እርስዎ አሳምረው ያውቃሉ። የለቀቀ ቀለም እንደማይመለስም ያውቃሉ። ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው? ይባስ ብሎ ፍሬሙ ላይ ያለው መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ በጨርቅ ሲታሽ የጠመኔውን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷን አልወቅስም፣ ማንም አልነገራትም።

በጀት የለም እንዳይሉኝ። ለማውረድ ሁለት ሰውና አንድ መሰላል ይበቃል። ዛሬውኑ ይሁን፣ ምክንያቱም ካርቶኑ ከሸሸ ወዲህ ያቺ የተረፈችው ሰማያዊ ጠርዝም ፀሐይ እየመታት ነው።