ማክሰኞና ሐሙስን ለምን እንደተውኩ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለአባባ፣ ለእቴቴና ለማሙሽ፣

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ፣ ጥምቀትንም ሦስት ካልሲ ደርቤ አክብሬያለሁ። ማሙሽ አንተ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፣ እማዬ መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ይመሻል። ደሞ ስለ ብር የጻፍኩት ጋ ስትደርስ ዘለህ እንዳታልፍ፣ አውቅሃለሁ።

እንደውም ከሱ ልጀምርና ይውጣልኝ። ከዚህ ወር ጀምሮ የማክሰኞንና የሐሙስን ሺፍት ትቻለሁ። አልተባረርኩም፣ አልታመምኩም፣ እማዬ እንዳትደነግጪ፣ ራሴ ነኝ ማናጀሩን ቀንስልኝ ያልኩት። ፓርኪንጉ ጋ አሁን አራት ቀን ብቻ ነው የምገባው ስለዚህ በየወሩ የምልከው 200 ዶላር ሴሚስተሩ እስኪያልቅ 120 ይሆናል ማለት ነው። በስልክ ልነግራችሁ ሦስት ጊዜ ሞክሬ እማዬ ገና በቪዲዮ ስታየኝ "ምነው ከሳሽ ልጄ" ስትል ወሬው ሁሉ ይጠፋብኛል፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ምክንያቱ ኮሌጁ ነው። ማለቴ ትምህርቱ ብቻ አይደለም፣ ትምህርቱንማ እየሠራሁም ስማረው ነበር፣ ከክላስ ውጪ ያለው ነገር ነው። እዚህ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገና ስመዘገብ አንድ ኢሜይል ሰጡኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይልካሉ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ሌክቸር አለ፣ ነገ የክለቦች ቀን ነው፣ ከነገ ወዲያ ስኮላርሺፕ ሊዘጋ ነው ምናምን። እኔ ደሞ እዛ የቴሌ ሜሴጅ ሲመጣ ሳናነብ እንደምናጠፋው ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሳጠፋ ነበር። ግቢያችን በባቡር ሐዲድ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ በላዩ የእግረኛ ድልድይ አለው፣ ከክላስ ስወጣ ድልድዩን በሩጫ ተሻግሬ ወደ ሜትሮ፣ ከሜትሮ ዲሲ፣ ዲሲ ፓርኪንጉ ሳጥን ውስጥ እስከ ማታ አራት ሰዓት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፖስተር ቆሜ ያነበብኩበት ቀን አልነበረም ብል አልዋሸሁም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን አስተማሪያችን ቀረና ክላስ የለም ተባለ፣ ርቦኛል፣ አንድ ክፍል በር ላይ ነፃ ፒዛ ይላል፣ ገባሁ። ለፒዛው ነው የገባሁት፣ እውነቱን ልናገር። ውስጥ ግን ስለ ፋፍሳ እያስረዱ ነበር፣ ፋፍሳ ማለት ለመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚሞላ ፎርም ነው፣ በሱ ፔል ግራንት የሚባል ይሰጣል፣ ዘንድሮ ትልቁ በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ እንደ ሰው ገቢና እንደሚወስደው ክሬዲት ይለያያል፣ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። እኔ ደሞ ይሄ ነገር ለዜጎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። እጄን አውጥቼ ግሪን ካርድ ብቻ ያለውስ አልኩ፣ ሴትዮዋ ይቻላል አለችኝ። እዛው ወንበሩ ላይ ፒዛው አልዋጥ አለኝ። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰው፣ ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓመት ሙሉ በፓርኪንግ ብር ከኪሴ ከፈልኩ! ማንም አልከለከለኝም፣ ኢሜይሉ ተልኮልኛል፣ በኋላ ትራሽ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት።

አጠገቤ የነበረች አንድ የጎጃም ልጅ ደሞ 21 ዓመቷ ነው፣ ከ24 በታች ስለሆነች የወላጅ ገቢ አምጪ ተባለች። አባቷ ገበሬ ናቸው፣ ጤፉን በኩንታል ልጻፈው ወይስ በዶላር ብላ ክፍሉን በሳቅ ጨረሰችው። አሁን ጓደኛዬ ናት።

እና ከዛ ቀን በኋላ ኢሜይሎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ግን ግማሹ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ነው የሚውለው፣ እኔ ሥራ በምገባበት ሰዓት። ለዚህ ነው እንግዲህ።

አሁን ምን ምን እንዳለ ልንገራችሁ፣ እቴቴ በተለይ አንቺ ስሚ፣ ያቺ ጎረቤትሽ "አሜሪካ ሄዳ ኮሌጅ ነው እንዴ የምትማረው ዩኒቨርሲቲ አይደለም እንዴ" ያለችውን ማሙሽ ነግሮኛል። ንገሪያት። ይሄ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ነው፣ እዚህ ካውንቲ ለሚኖር ሰው ክፍያው ከካውንቲው ውጭ ለሚመጣው ከሚጠየቀው በጣም ያንሳል፣ 60 ክሬዲት አካባቢ ይወሰድና የቀረውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይጨረሳል። እኔ ነርሲንግ ነው የያዝኩት፣ የኮሌጁ ነርሲንግ ደሞ ያለው እኛው ግቢ ነው። መጋቢት ላይ የትራንስፈር ቀን አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው መጥተው ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ አንቺ እየዞርሽ ትጠይቂያለሽ። ሮክቪል ውስጥ ሼዲ ግሮቭ የሚባል ቦታ አለ፣ ዘጠኝ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው የሚያስተምሩበት፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግም እዛ አለ። ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ጠረጴዛቸው ጋ ሄጄ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝልኝ የትኛው እንደሚወድቅብኝ በፊት ለፊት መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አንዱ ጓደኛችን ሁለት ኮርስ በከንቱ ወስዶ ትራንስፈር ሲያደርግ አልቆጠሩለትም፣ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንድ ሴሚስተር ይተርፈው ነበር።

ፋይ ቴታ ካፓ የሚባልም አለ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ በፈረንጅ 1918 የተቋቋመ። ጥሩ ውጤት አምጥተሻል ግቢ ብለው ላኩልኝ፣ መግቢያ ክፈዪ ሲል ግን ሌባ ነው ብዬ አጠፋሁት! እዚህ እኮ በየቀኑ የሚያጭበረብር ይደውላል፣ እንዴት ልመን። በኋላ አማካሪዬን ስጠይቃት ሳቀችብኝ፣ እውነተኛ ነው፣ ለትራንስፈር ተማሪ ብቻ የሚሰጡ ስኮላርሺፖች አሉ፣ አባል መሆን ለዛ ይረዳል አለችኝ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ስብሰባቸው ነው፣ እገባለሁ።

ፋፍሳውም ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሞላል፣ የሜሪላንድ ስቴት የራሱን እርዳታ ለማግኘት እስከ ማርች 1 ነው የሚለው፣ በኛ የካቲት 22 ማለት ነው፣ የአድዋ ዋዜማ። እንዳልረሳው ስልኬ ላይ አላርሙን "ጣይቱ" ብዬ ነው የሞላሁት። በዚሁ ፋፍሳ ወርክ ስተዲ የሚባል አለ፣ እዛው ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት። ላይብረሪው ላይ አመልክቻለሁ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ኢንተርቪው ነው፣ እሱ ከተሳካ የቀነሰው 80 ዶላር ቶሎ ይመለሳል፣ ካልተሳካ ግን ያው ነው፣ ቃል አልገባም። እማዬ ጸልዪልኝ፣ ሰፈሩን ሁሉ ግን ስለት አታስገቢው።

ሌላም ብዙ አለ፣ ነፃ የታክስ አሞላል፣ የሆስፒታሎች የሥራ ቀን፣ ለጊዜው እሱን ተዉት።

አባባ አሁን እርስዎ ጆሮዎን ይስጡኝ፣ ይሄኛው የእርስዎ ነው። እዚህ ፌብሯሪ የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው። ካርተር ዉድሰን የሚባል የታሪክ ሰው በ1926 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንት ጀመረው፣ ዘንድሮ 100 ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ኮሌጁ ሌክቸሩን አብዝቶታል። ከነሱ አንዱ ጣልያን ሲወረን ጥቁር አሜሪካውያን ምን አደረጉ የሚል ነው። ፖስተሩ ላይ አንድ ሱፍ የለበሰ ቀጠን ያለ ወጣት አለ፣ ቀረብ ብዬ ሳነብ ዶክተር መላኩ በያን! እርስዎ ቡና ላይ ሲያነሷቸው እኔ ሰሃን አጥባለሁ ብዬ የምሸሸው እኮ ነው። እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው ሕክምና የተማሩት፣ እኔ ከምሠራበት ፓርኪንግ በእግር ይደረሳል፣ ስንት ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ መሰለዎት። በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ ነፃነታችንን ሳያዩ በ1940 እዚሁ አረፉ። ሃዋርድ ላይ ደሞ ሊዮ ሃንስቤሪ የሚባሉ መምህር የአፍሪካን ታሪክ የሚያስተምሩ ነበሩ፣ ያኔ አፍሪካ ምን ታሪክ አላት በሚባልበት ዘመን፣ ንጉሡ በኋላ ሸልመዋቸዋል። ከቺካጎ ደሞ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ፓይለት መጥቶ የኛን አየር ኃይል መርቷል። ሌላው ሕዝብ ደሞ እዋጋለሁ ብሎ ቢመዘገብም ሕጉ ለሌላ አገር ጦር መሰለፍ አይፈቅድም ብሎ መንግሥታቸው ከለከላቸው፣ እነሱ ግን ሰልፍ ወጡ፣ በየቤተክርስቲያናቸው ሳንቲም አዋጡ። ራሳቸው አውቶቡስ ላይ ከኋላ ተቀመጡ በሚባሉበት ጊዜ ነው ይሄ።

ሌክቸሩ ሐሙስ ነው። ያ የተውኩት ሐሙስ።

እና ይሄን ለክለባችን ሳወራ፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ክለብ አለን፣ ማነሽ የደሴዋ አንቺ ለምን አትናገሪም አሉኝ። ቅዳሜ የካቲት 21 ማታ የአድዋ ዝግጅት አለን፣ ፕሮግራሙ ላይ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለሚገቡ ምግቡ ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር፣ አንዱ ፒዛ ሲል ሌላው ዶሮ ሲል እኔ እኛ ወሎዎች ይሄን ድሮ ጨርሰነዋል አልኳቸው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ፀሐይ ስትገባ በቴምር ይጀመራል፣ ከዛ የምስር ሳምቡሳና በያይነቱ፣ ማንም አይቀርበትም። ተቀበሉኝ። ሳምቡሳውንም በዛው ጫኑብኝ፣ 150 ፍሬ፣ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት።

እኔ ታዲያ ስለ አድዋ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ደሴ ልናገር ብያለሁ። ኅዳር 1928 የጣልያን አውሮፕላን ደሴን የደበደበበትን ቀን፣ ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተኮሱበት፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳን ሳይቀር የተመታበት። ይሄ ወሬ እኮ እዚህ ድረስ ደርሷል፣ እነዚህ ሰዎች በጋዜጣ ያነቡት ነበር። እነሱ ኒውዮርክ ሐርለም ሆነው ስለ ደሴ ሲያነቡ የአያታችን የእማምዬ እናት ደሞ ጦሳ ተራራ ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታለች፣ ይሄ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለቱን አገናኝቼ መናገር እፈልጋለሁ ግን ታሪኩ በደንብ ትዝ አይለኝም፣ ልጅ ሆኜ እማምዬ ስታወራ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየተኛሁ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። እማምዬን አስቀምጧትና እናቷ የነገረቻትን ሁሉ እንደገና ታውራ። ማሙሽ ስልክህን ጠጋ አርግላትና በቴሌግራም ቮይስ ላክልኝ፣ አጭር አጭር አርገህ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ እንዲያልፍልህ። ዶሮዎቹን ከግቢ አስወጡ፣ ባለፈው የላካችሁት ላይ አውራ ዶሮው ነው የበለጠ የሚሰማው። አባባ እርስዎ እባክዎ መሃል ላይ እየገቡ አያርሟት፣ እርማትዎን ለብቻው ይላኩልኝ፣ እሱንም እጠቀምበታለሁ። ከየካቲት 15 በፊት ይድረሰኝ፣ ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ አለብኝ፣ ክለቡ ውስጥ የጃማይካም የሳልቫዶርም ልጆች ይመጣሉ።

በተለይ አንድ ነገር ጠይቋት። ቦምቡ ሲወርድ እናቷ ብሩን ቤት ረስታ አንድ ዕቃ ብቻ አንጠልጥላ ጦሳ ሥር ደረሰች የምትለው አለ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስትደርስ ትስቃለች ከዛ ታለቅሳለች። እኔ ጀበና ነው ብዬ ለልጆቹ አውርቻለሁ፣ አሁን ሳስበው ግን ቡሃቃ ይመስለኛል፣ ሊጥ የነበረበት። የትኛው ነበር?

ሁለተኛ ልጃችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ
ጥር 2018