ስለ ልጅሽ የእትብት ደም

አዲስ አበባ፣ አራዳ

ለምወድሽ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መጻጻፍ ካቆምን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው እሑድ ግን እናትሽን ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ሲወጡ አግኝቻቸው መፀነስሽን ሲነግሩኝ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። በመጋቢት እንደምትወልጂና እርሳቸውም ሊያርሱሽ ወደ ሂዩስተን እንደሚመጡ ነገሩኝ። አያይዘውም አንድ ድርጅት የልጅሽን የእትብት ደም በክፍያ ላስቀምጥልሽ ብሎ እንደ ጠየቀሽ፣ አንቺም መወሰን እንደ ቸገረሽ አጫውተውኝ፣ «የደም ነገር ያንቺ ሥራ ነውና ምከሪያት» ብለው አደራ ጣሉብኝ። ስለ ሰፈራችንና ስለ ልጆቼ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ስለ አደራው ብቻ ይሁን።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ለግል ማስቀመጫ ገንዘብሽን አታውጪበት፤ ደሙን፣ ለሚያስፈልገው ታማሚ ሁሉ ለሚያስቀምጠው ለሕዝብ ባንክ ለግሺው።

ልጅ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ከአንድ ወይም ከሁለት የቡና ስኒ እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ ግን የደምን ሕዋሳት ሁሉ የሚያስገኙት፣ በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ የምናውቃቸው ግንደ ሕዋሳት አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን፣ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል የዘር ሕመም መቅኔውን ላደከመበት ሕፃን አዲስ የተወለደች እኅቱን የእትብት ደም ሰጡት፤ ልጁም አድጎ ለአካለ መጠን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች አንድ ትልቅ ነገር ተረዱ። የሕፃን የመከላከያ ሕዋሳት ገና ከብዙ ባዕድ ነገር ጋር ስላልተዋጉ፣ ሰጪና ተቀባይ ሙሉ በሙሉ ባይመሳሰሉም እንኳ የተቀባዩን አካል እንደ መቅኔ ሕዋሳት አጥብቀው አያጠቁም። አካል የራሱን ሕዋስ ከባዕድ ከሚለይባቸው ከስድስቱ ዋና ዋና የኤችኤልኤ ምልክቶች አራቱ ከተስማሙ ንቅለ ተከላው ሊደረግ ይችላል።

ችግሩ የደሙ ማነስ ነበር። ለሕፃን የሚበቃው ለአዋቂ አይበቃም። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ (ብርቱ የካንሰር መድኃኒት) የገዛ መቅኔውን ያጠፋበት ታማሚ፣ የተሰጡት ጥቂት ሕዋሳት እስኪበረክቱ ድረስ ሦስትና አራት ሳምንት ያለ መከላከያ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜም ተራ የምንለው ኢንፌክሽን ሊገድለው ይችላል። እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ ከኬሞ በኋላ የልጆቹ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽንን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ) ከ500 በታች ወርዶ ባየሁ ቁጥር ስልኩን ለማንሳት እጄ ይፈጥናል፤ ዋርዱም ቁጥሩን ሰምቶ ወዲያው ይነቃነቃል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን ከመስጠታቸው በፊት በላቦራቶሪ ማባዛት ያዙ። በሲያትል የፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ኮሊን ዴላኒና ባልደረቦቿ ኖች የሚባለውን የሕዋሳት መልእክት መቀበያ እየቀሰቀሱ፣ ግንደ ሕዋሳቱን ከመቶ እጥፍ በላይ አባዝተው ለሕሙማን መስጠታቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ሌሎች ደግሞ ከቫይታሚን ቢ3 ወገን የሆነውን ኒኮቲናማይድ በመጨመር፣ ሕዋሳቱ ሲባዙ የግንደ ሕዋስነት ጠባያቸውን እንዳይለቁ አደረጉ። በዚህ መንገድ የሚዘጋጀው ኦሚዱቢሴል እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተፈቀደ። በሙከራው ላይ ይህን የተቀበሉት ሕሙማን ኒውትሮፊላቸው ያገገመው ባብዛኛው በ12ኛው ቀን ገደማ ሲሆን፣ ያልተባዛውን የእትብት ደም የተቀበሉት ግን 22 ቀን ያህል ጠብቀዋል። ዐሥር ቀን ማትረፍ፣ ልጇ አልጋ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ለምታድር እናት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ትገምቺዋለሽ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው በራስሽ ከተማ፣ በኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠራው ሥራ ነው። በእትብት ደም ውስጥ ኤንኬ የሚባሉ፣ በካንሰርና በቫይረስ የተበላሸ ሕዋስን ለይተው የሚገድሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። የዶክተር ኬቲ ሬዝቫኒ ቡድን እነዚህን አሳዳጊ በሆኑ ሌሎች ሕዋሳት መካከል እያባዛ፣ ሲዲ19 የተባለውን የካንሰር ሕዋሳት ምልክት የሚያውቅ ተቀባይ ይጨምርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የመጀመሪያ ውጤት፣ ሌላው ሕክምና ካልሠራላቸው 11 የሊምፎማ (የመከላከያ ሕዋሳት ካንሰር) እና የደም ካንሰር ሕሙማን 8ቱ ለውጥ አሳዩ፤ ሕዋሳቱ ከባዕድ ሰው የመጡ ቢሆኑም የተቀባዩን አካል አላጠቁም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የ37 ሕሙማንን ውጤት ሲመረምሩ፣ ከተቀዳ በ24 ሰዓት ውስጥ በረዶ የሆነውና ኒውክሊየስ ያላቸው (ገና ያልበሰሉ) ቀይ የደም ሕዋሳት ያነሱበት የእትብት ደም የተሻለ ውጤት እንደ ሰጠ አገኙ። ይህን ያነበብሁ ቀን፣ የናሙና አያያዝ ሕይወት ያተርፋል ብዬ ለተለማማጆቼ ዘወትር የምናገረው ሲረጋገጥ በማየቴ እጅግ ደስ አለኝ።

የግል ድርጅቶቹ ይህን ሁሉ ይጠቅሱልሻል። ነገር ግን፣ አያድርገውና፣ ልጅሽ በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) ቢታመም የገዛ እትብቱ ደም ባብዛኛው አይጠቅመውም፤ የካንሰሩ መነሻ የሆነው ለውጥ ሲወለድ ጀምሮ በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላልና። በዘር የመጣ ሕመምም በደሙ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። በንቅለ ተከላ ሊድን የሚችል ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በቤት ውስጥ ታሞ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ በሆነ ነበር።

ለሕዝብ ባንክ ስትሰጪው ግን የሚያስፈልገው ሰው ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከአውሮፓ ዘር የሆነ ታማሚ በለጋሾች መዝገብ ላይ ፍጹም የሚስማማውን የመቅኔ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ሲሆን፣ የጥቁር አሜሪካውያን ዕድል 20 በመቶ እንኳ አልደረሰም። እንደ እኛ ያሉ ሕዝቦች በእነዚያ መዝገቦች ጥቂት ናቸው። በዚያ አገር ወይም በሌላ የሚኖር የአገራችን ሰው ልጅ ቢታመም፣ ከማንም ይልቅ የልጅሽ ደም ሊቀርበው ይችላል። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

እናትሽ ደሙ ከሕፃኑ የሚቀዳ መስሏቸው ሠግተዋል። የሚቀዳው እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ እርሱንም አንቺንም አያምም። ይሁን እንጂ ደም እንዲበዛ ተብሎ እትብቱ በችኮላ እንዳይቆረጥ ለአዋላጆቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል፤ በዚያ ጊዜ የሚገባው ደም ለሕፃኑ የብረት ማዕድን ስንቅ ነው። በዚህ ምክንያት የተረፈው ለባንኩ ቢያንስ ግድ የለም፤ ልጅሽ ይቅደም።

ኤምዲ አንደርሰን የራሱ የሕዝብ የእትብት ደም ባንክ አለው፤ ለጋሽም አይከፍልም። ሁሉም ሆስፒታል ግን ስለማይሰበስብ፣ የምትወልጂበት ሆስፒታል ከባንኩ ጋር ይሠራ እንደሆነ ሐኪምሽን ቶሎ ጠይቂያት፤ ምዝገባው ከ34ኛው ሳምንት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። የሚሰጡሽ ቅጽ ስለ ቤተሰብ የጤና ታሪክ በብዛት ይጠይቃል፤ የአያቶችሽን ሕመም እናትሽ ስለሚያውቁ አብራችሁ ሙሉት። ግልጽ ያልሆነልሽን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪልኝ በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አክባሪ ወዳጅሽ