ትንሿ እህቴ የማዘር ትሬዛ ሲስተሮች ዘንድ ልግባ ስላለችው ነገር

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትንሿ እህቴ የካቶሊክ መነኮሳት የሆኑት የማዘር ትሬዛ ሲስተሮች ዘንድ መግባት እንደምትፈልግ ስትነግሪኝ መርዶ የምታረጂ ትመስዪ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ በክሊኒክ ሥራ ከሲስተሮቹ የማውቀውን በወረቀት አስፍሬልሻለሁ። ለአባባም አንብቢላቸው።

ልጅሽ ነገ ተነሥታ አትመነኩስም። እነሱ ዘንድ በር ከማንኳኳት እስከ ዘላለም መሐላ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ «መጥተሽ እዪን» ይሏትና ለጥቂት ጊዜ አብራቸው ትኖራለች። ከወደደቻቸውና ከወደዷት አስፒራንት (ጥሪዋን የምትመረምር)፣ ቀጥሎ ፖስቱላንት (ለመግባት የምትዘጋጅ) ትሆናለች። ያኔ ጸሎቱንና ሥራውን ትለምዳለች፣ እንግሊዝኛም ታጠናለች፤ ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ መግባቢያቸው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ኖቪስ ናት፤ ገና ያልማለች ሠልጣኝ ማለት ነው። የኖቪስ ሳሪ ነጭ ነው፣ ጥለት የለውም፤ ሰማያዊው ጥለት የሚመጣው ከመጀመሪያው መሐላ ጋር ነው። ያም መሐላ ለጊዜው የሚገባ፣ እየታደሰ የሚሄድ ነው። ጊዜው ሲሞላ ሳታድስ ደህና ሁኑ ብላ መውጣት ትችላለች፤ ኖቪስ ሳለች ደግሞ በፈለገችው ቀን። እነሱም «ይህ ኑሮ ላንቺ አይሆንም» ሊሏት ይችላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ የሰፈሩ ሰው ነው። «ተባረረች» መባልን ፈርታ ኑሮው ሳይስማማት እዚያው የምትቀር ልጅ ለራሷም ለበሽተኛውም አትበጅም። ስለዚህ ስትሄድ ድግስ አትደግሺ፤ ብትመለስም ከገበያ እንደመጣች አድርገሽ ተቀበያት።

ኖቪስ ስትሆን ግን አንድ አደራ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቢያንስ 12 ወር በዚያው በማሠልጠኛው ቤት እንድትቀመጥ ይጠይቃል። ከ15 ቀን በላይ ከቀረች የጎደለውን ታካክሳለች። በአንድ ጊዜም ሆነ እየተቆራረጠ ተደምሮ ከሦስት ወር ካለፈ ግን ጊዜው እንዳልነበረ ይቆጠርና እንደ አዲስ ትጀምራለች። ለአክስት ተዝካር፣ ለጎረቤት ሠርግ እያልሽ እንዳትጠሪያት።

ወረቀቱን ከአሁኑ ጀምሩ። የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀት፣ የቆሞሱ ደብዳቤና የጤና ምርመራ ውጤት ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። እኛ የእምድብር ካቶሊኮች የግእዝ ሥርዓት ነን፤ የእነሱ ማኅበር ደግሞ የላቲን ሥርዓት ነው። ከእኛ ሥርዓት የሆነች ልጅ በላቲን ማኅበር ኖቪስ ለመሆን የሮም ፈቃድ ያስፈልጋታል። ዘግይቶ ከተጠየቀ ጓደኞቿ ሲያልፉ እሷ ወረቀት ስትጠብቅ ትቀራለች። ስለዚህ ገና ፖስቱላንት ሳትሆን ለቆሞሱ ንገሯቸው። የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ዕዳም አለ። ዕዳ ያለባትንና መክፈል የማትችልን ልጅ ኖቪስ አድርገው አይቀበሉም፤ እሱን እኔና ወንድሜ ተካፍለን እንጨርሰዋለን።

«እዚያ ገብታ ምን ትሠራለች?» ላልሽው፣ ቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ይጀምራል። ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ቁርስ፣ ከዚያ ሥራ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ቅዱስ ቁርባኑ ፊት ይንበረከካሉ። ይህ የዕለት ልማድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ኢትዮጵያ የገቡትም በዚያው ዓመት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከቤት አይወጡም።

ሥራው ስድስት ኪሎ ባለው ቤታቸው እንደሚታየው ነው፤ ጠያቂና አንሺ ያጣ በሽተኛ ማስታመም። አልጋ የያዘ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ጥፋት የሚመጣው አንዷ ብቻዋን ስትጎትተው ነው። ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተፋትጎ ይላጣል፣ የእሷም ወገብ ይሄዳል። ሁለት ሆነው፣ ከትከሻው እስከ ጭኑ የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ ከሥሩ አንጥፈው፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው እኩል ያነሱታል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይገባል። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ይቀላል ይባላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ወገቡ ሥርና ዳሌው በእጅ ይዳሰሳል። ከሌላው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ከተገኘ በዚያ በኩል አይተኛም። ማሸትም ክልክል ነው፤ ከውስጥ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ከዚያ ደግሞ የአንሶላው እጥበት አለ፤ ይኸውም በአብዛኛው በእጅ። የትንሿን ወገብ ሐኪም ሳያየው አላርፍም። ሳንባዋም ይታይ፤ የቲቢ በሽተኛ ያለበት ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ መዋሉ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ድህነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት ብለው ይምላሉ። አራተኛው መሐላ የእነሱ ብቻ ነው፤ ከድሆች ሁሉ የባሱትን በሙሉ ልብና በነጻ ማገልገል። ነጻ ማለት ነጻ ነው፤ ደሞዝ የለም፣ ከበሽተኛም አይቀበሉም፣ የሚኖሩት በሰው ልግስና ነው። ስለዚህ ከእሷ ለቡና መጠጫ እንኳ እንዳትጠብቂ። ወደላኳት አገር ትሄዳለች፣ አትመርጥም። ቤተሰብ ለመጠየቅ የምትመጣውም በስንት ዓመት አንዴ ነው። እናት ወይም አባት ክፉኛ ከታመመ አለቃዋ ልትፈቅድላት ትችላለች፤ ግን ጧሪያችን ናት ብላችሁ አትቁጠሩ። ለእኔ ከድህነቱ የሚከብደው ይኸኛው ነው፣ እሷም ሳትገባ ይህን ከአንቺ አፍ ብትሰማው ደስ ይለኛል። ጡረታችሁ የእኛ የቀሪዎቹ ነው።

የእንሰቱን ቦታ በተመለከተ ወንድሜ «ድርሻዋ ይዙርልኝ» ማለቱን ሰምቻለሁ። አይሆንም። ከመጀመሪያው መሐላ በፊት ንብረቷን የሚያስተዳድርላት ሰው ትወክላለች እንጂ ባለቤትነቷ አይሰረዝም። ኑዛዜዋንም ከዘላለም መሐላ በፊት በአገሩ ሕግ በሚጸና መንገድ ትጽፋለች። እስከዚያ ብትመለስ ምን ላይ ትቆማለች? አባባ እንዳይፈርሙ፣ የመሬቱ ደብተርም አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።

የጥምቀት ወረቀቷን ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ከሚመለስ ሰው ጋር ላኪልኝ። ስሟ ላይ የፊደል ስህተት ካለ ሳትልኪው ቆሞሱ ያስተካክሉት።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ