ልማቱ ዳገቱንም ይውጣልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና መንገዶችን አስፍቶ የእግረኛ ንጣፍና መብራት ስለማድረጉ ሥራ፣ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ስለ አዲስ አበባ ናቸው። የክልል ከተሞች ሲነሱ ደግሞ ክርክሩ ሁሌ እዚያው ቦታ ይቆማል። «ኑሮ እንዲህ እሳት ሆኖ መብራትና ንጣፍ ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኔ ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ አሁንም ልጆቼን ደሴ የማሳድግ ሴት ነኝ። ከተማዬ መታደሷ ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ፊት ለፊት የሚጽፍ የአገሬ ሰው ስላጣሁ ብዕር አነሳሁ።

ደሴን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ከተማችን በሁለት ተራራ መካከል ናት። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱም ጉሙም ከዚያ ነው። ከተማዋ ልስፋ ብትል ወደ ጎን ቦታ የላትም። ስለዚህ ወደ ርዝመት ሄደች፤ የቀረው ሰው ደግሞ ዳገቱን ተያያዘው። የከተማው ኑሮ የሚሰበሰበው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚያልፈው መኪናም እዚያው ነው። ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ከገጠር በግ ነድቶ የሚገባው ገበሬ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይገናኛል።

እኛ ደግሞ በእግራችን የምንሄድ ሰዎች ነን። አብዛኛው የደሴ ሰው ሥራውንም፣ ገበያውንም፣ ለቅሶውንም በእግሩ ነው የሚደርሰው። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፤ እነዚህን በእግር መዞር ነው የደሴ ሰው ውሎ። ግን ለእግረኛ የሚሆን መንገድ ነበረን? አልነበረንም። የነበረው የተሰበረ የቦይ ክዳን፣ የሱቅ ዕቃ፣ የቆመ መኪና ነው። እነዚህን እየሸሸን አስፋልት ላይ እንወርዳለን። ከኋላ የመኪና ጥሩንባ፣ ከፊት ባጃጅ። ልጅን በአንድ እጅ፣ ዘንቢል በሌላው ይዞ በዚያ መሃል መሄድ ምን እንደሆነ የሞከረችው ታውቀዋለች።

ስለዚህ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሲሠራልኝ ቅንጦት ነው ብላችሁ አትንገሩኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት በሰላም ቤቷ ትገባለች ማለት ነው። እናቴ ገበያ ወጥታ ሲደክማት አረፍ የምትልበት ታገኛለች ማለት ነው። መብራቱም እንዲሁ። በሸዋበር መስጊድ ኢሻ ሰግደው ወደ ቤት የሚመለሱ አባቶች አሉ። ሳይነጋ ለኪዳን ወደ መድኃኔዓለም የሚወጡ እናቶች አሉ። ሌሊት ተረኛ ሆነው ሆስፒታል የሚያድሩ ነርሶች አሉ። ለእነዚህ ሁሉ የመንገድ መብራት ማለት ከውሻና ከሌባ መዳን ነው። ከመሸ በኋላ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ሳይ ልቤ ሞቅ ይላል። ድሮ እኛ እንደዚያ አንደፍርም ነበር።

ማታ ማታ ሰው ወክ ማድረግ ጀምሯል። ወጣቱ ፎቶ ይነሳል፣ ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሕፃን ይሮጣል። ይሄ ለደሴ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማችን ያየችውን እናንተም ታውቃላችሁ። ጣሊያን ከአየር የደበደባት በኅዳር 1928 ነው፤ ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ነበሩ። ያ የአያቶቻችን ወሬ ነው። የ2014ቱ ግን የኛ ነው። መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ወገናችን መጥቶ ትምህርት ቤቶቹን ሞላ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከተማ ገባ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቹ ተዘረፉ። ብዙ ሰው ተመልሶ የገባው ባዶ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ የሚሠራ ነገር ማየት፣ የሚቆፈር፣ የሚገነባ፣ የሚቀባ ነገር ማየት፣ እንዴት አድርጎ ሰውን እንደሚያበረታ ከሩቅ ሆኖ የሚተች ሰው አያውቀውም። እዚህ እኛ አገር ሰው ሲከፋው «አብሽር» እንለዋለን። ለእኔ ያ ሥራ እንደዚያ ነው የሆነልኝ።

ዝም ብዬ ላጨብጭብ ብዬ ግን አይደለም የምጽፈው። ደስ ያለው ሰው ጥያቄም አለው። የኔ ትልቁ ጥያቄ ውሃ ነው።

ደሴ ላይ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ጦሳ ላይ የወረደው ዝናብ በደቂቃ ውስጥ መንገዳችን ላይ ነው። ከአዝዋም በኩል እንደዚሁ። ሁሉም የሚሄደው ወደ ቦርከና ወንዝ ነው። ቦርከና ደግሞ በዶሮ መዝለያ ገደል ጠብቦ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ መሃል ላይ የሚያልፈው በኛ ደጅ ነው። ቦዩ ከጠበበ፣ ወይ ፕላስቲክና ደረቅ ቆሻሻ ከሞላው፣ ጎርፉ የራሱን መንገድ ያበጃል። ያኔ ንጣፉ ምንም ያህል ቢያምር ይነሳል። ጭቃው ሱቅ ይገባል።

ከጎርፉ የሚብሰው ደግሞ መሬቱ ራሱ ነው። የመሬት መንሸራተት ደሴ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከተማችንን ሲያጠኑ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ተዳፋቱ ላይ የተከመረው አፈር ልል ነው። ውሃ ሲሰርግበት ይከብዳል፣ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ጅረቶቹ ደግሞ ከግርጌ እየቦረቦሩ መደገፊያውን ያሳጡታል። የፈነዳ የቧንቧ መስመር ሳይጠገን ሲከርምም ያው ነው፤ ውሃው አፈሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ አጥር ያዘነብላል። ዳገት ላይ የሚኖር የደሴ ሰው ይህንን ምልክት ያውቀዋል።

እና እላለሁ፤ ለከተማችን የሚገባው ልማት ከመሬት በታች ያለውን ሥራ ያስቀደመ ነው። ሰፊ ቦይ። ሲዘጋ ተከፍቶ የሚጠረግ ክዳን። ተዳፋቱ ላይ የድጋፍ ግንብና ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ። ላይ ጦሳ ላይ ደግሞ ዛፍ። ባህር ዛፉ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጠቅሞናል፣ አልክድም። ግን አፈር የሚይዘው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ቢመለስ እንዴት ጥሩ ነበር። መንገድ ዳር የሚተከለው አበባ ያምራል፤ ችግኙ ግን ተራራውንም አይርሳ።

ሌላው ንጣፉ ነው። ልሙጥ ታይልስ አዳራሽ ውስጥ ያምራል። ዳገትና ጉም ያለበት ከተማ ላይ፣ በዚያ ላይ በዝናብ ሲረጥብ፣ ሰው ይጥላል። እባካችሁ ሻካራ ድንጋይ ይሁን። የደሴ ልጆች ድንጋይ መጥረብ ከኮብልስቶን ሥራ ጀምሮ ያውቁበታል፤ ድንጋዩም ከራሳችን ተራራ ይወጣል። ክራንችና ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም ይታሰብ። ከጦርነቱ በኋላ እግሩን ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ። በየመሻገሪያው ለዊልቸር የሚሆን መውጫና መውረጃ ካልተሠራ፣ መንገዱ ለሱ አልተሠራለትም ማለት ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም በየተወሰነ ርቀት ያስፈልጋል፤ በተለይ ለኛ ለሴቶች።

አሁን ስለ ከባዱ ነገር ላውራ። መንገድ ሲሰፋ የሚነካ ሰው አለ። የኛም ቤት ተነክቷል። እናቴ ለዓመታት ዕቃ ዘርግታ የሸጠችበት በረንዳ ተቆርጧል። ሲፈርስ ቆማ ያየችው ዝም ብላ ነው። ቤት ስትገባ ግን አለቀሰች። በማግስቱ «መንገድ ነው፤ ለሁሉም ነው» ብላ ሱቋን ከፈተች። እናቴን የምታውቋት ባትሆኑም እንደሷ ዓይነት ሴቶች ወሎ ሙሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልማት ጠልተው አያውቁም። የሚፈልጉት ቀድሞ እንዲነገራቸውና ሕጉ የሰጣቸው እንዲደርሳቸው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ ሰው ከመነሳቱ በፊት እንዲከፈል ያዛል። የግል ባለይዞታውም ሆነ የቀበሌ ቤት ተከራዩ በዚያ አዋጅ መብት አላቸው። ከግለሰብ ተከራይታ አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖር፣ በረንዳ ላይ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። ለሷና ለጉሊት ነጋዴዎች ቦታ ይታሰብ። ጥላ ያለው፣ ዝናብ የማይመታው፣ ሰው የሚያልፍበት ቦታ። ከሰው ርቆ ዳር ላይ የተሠራ ሼድ ገበያ አይሆንም።

ይህን ስል ልማቱ ይቁም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ይፋጠን። ሰው ሲያኮርፍበት የሚንገዳገድ ሥራ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ቅርሳችንንም አስታውሱልን። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍ፣ እዚሁ መሃላችን ነው። የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ትውልድ ያወጣ ግቢ ነው። የተዘረፈው ሙዚየማችን አለ። ፒያሳ አካባቢ የእንጨት በረንዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው የቆዩ ቤቶች አሉ። አዲሱ መንገድ እነዚህን የሚያገናኝ ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ደሴን በግማሽ ቀን በእግሩ ይጨርሳት ነበር። እስካሁን ላሊበላ የሚሄድ እንግዳ ደሴ ላይ ምሳ በልቶ ነው የሚያልፈው። ወሎ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልን፣ የአንቺ ሆዬን የዜማ ቅኝቶች የሰጠች አገር ናት። ማታ መብራት ባለበት አደባባይ አንድ ማሲንቆ የሚሰማበት ቦታ ቢኖረን እንግዳው ያድራል፤ ሆቴሉም ይሠራል። የቆዩት ቤቶች ግን በአንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው አንድ እንዳይመስሉ እፈራለሁ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ ይጠየቅ።

ኮምቦልቻ ላሉ ጎረቤቶቻችንም እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚሠራው ብዙ የደሴ ሰው ነው፤ ከዚያም ወደዚህ የሚመጣው እንደዚያው። ኢንዱስትሪ ፓርኩና አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ፣ ትልቁ ሆስፒታልና ገበያው እዚህ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ታስበው ቢታቀዱ ለሁላችንም ይበጃል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። እስካሁን ያየነው ሥራ ዋናውን መንገድ ይዞ ነው የሄደው። ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። ባጃጅ የማይወጣባቸው ሰፈሮች አሉ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ነው ወደ አስፋልት የምትወርደው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ይወድቃሉ። ለእነዚህ ሰፈሮች የሚያስፈልገው ብዙ ሚሊዮን አይመስለኝም። እጅ መያዣ ብረት ያለው የድንጋይ ደረጃ። ከደረጃው ጎን ውሃ የሚወርድበት ቦይ። በየመታጠፊያው አንድ መብራት። ይሄ ቢሠራ የደሴ ኮሪደር ከሌላ ከተማ የተቀዳ መሆኑ ቀርቶ የራሷ ይሆናል። ደረጃ የሚሠሩ ወጣቶችም ከዚያው ሰፈር ሥራ ያገኛሉ።

ለከተማው አስተዳደር በእናንተ በኩል የማስተላልፈው ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ ቀጣዩ ዕቅድ ከነካርታው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍልን። የትኛው ቤት እንደሚነካ፣ የትኛው ቦይ እንደሚሰፋ፣ የትኛው ዳገት ደረጃ እንደሚያገኝ ሰው በዓይኑ አይቶ ይወቅ። ሁለተኛው፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሁሉም ቦዮች ጠረጋ ይደረግ። ለዚህኛው በጀት ጠብቁ አንልም። የሰፈራችን ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ ሴቶቹም ቡናና ቆሎ እናቀርባለን። ቀኑን ይንገሩንና ቆሻሻውን የሚያነሳ መኪና ይላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ ነዋሪ