ከድሬዳዋ የተላከ ደብዳቤ፦ መዝገቡን መልእክቱ ይክፈተው

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢያልፍም፣ ከከባድ መኪና ላይ መረጃ ስለ መመዝገብ ጀምረነው የነበረው ክርክር ከልቤ አልወጣም፤ ዛሬም የምጽፍልህ ስለዚያው ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ ተሳቢ ጭነቱን ይዞ የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ይግላል፤ ጋራዥ ሲደርስ ግን ቀዝቅዞ ምንም እንከን አይታይበትም። ቁልፉ ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ ሁሉን የሚመዘግብ መሣሪያ ብትገጥምለት፣ የምትፈልጋቸው ጥቂት ደቂቃዎች በማያስፈልግ ክምር ውስጥ ይቀበራሉ። ስለዚህ መዝገቡን የሚከፍተውም የሚዘጋውም በካን መስመር (የመኪናው ኮምፒውተሮች መልእክት በሚለዋወጡበት ሽቦ) ላይ የሚተላለፈው መልእክት ራሱ እንዲሆን አጥብቄ እመክርሃለሁ።

ጄ1939 በሚባለው የከባድ መኪኖች የመልእክት ደንብ በሚሠሩ መኪኖች የሞተር ሙቀት የሚተላለፈው በመልእክት ቁጥር 65262 ነው፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት በመጀመሪያው ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር በሚይዘው የመልእክቱ ክፍል) ላይ ይገኛል፤ ከጥሬው ቁጥር 40 ሲቀነስ ዲግሪ ሴልሺየሱ ይወጣል። ስለዚህ መዝገቡ በ102 ዲግሪ እንዲከፈት ከፈለግህ የምታስገባው 142 ነው። አደራህን፣ 255 የሚለው ቁጥር «ንባብ የለም» ማለት እንጂ 215 ዲግሪ አይደለም፤ 254 ደግሞ የሴንሰር ብልሽትን ያመለክታል። ከ250 በላይ ያለውን ካላገድህ፣ ቀዝቃዛ ሞተርም መዝገቡን በከንቱ ያስነሣብሃል።

ከመክፈቻው ይልቅ መዝጊያው ብዙ ሐሳብ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ላይ ካደረግኻቸው፣ ሙቀቱ በ101 እና በ102 መካከል በዋለለ ቁጥር ፋይሉ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ከ96 በታች ወርዶ ለ60 ሴኮንድ ሲቆይ ይዘጋ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሾፌሩ ዳገቱ መካከል ቆሞ ሞተሩንና ቁልፉን ቢያጠፋ መልእክቱ ስለሚቋረጥ፣ የምትጠብቀው ዝቅተኛ ንባብ ፈጽሞ አይመጣም። መልእክቱ በደንቡ መሠረት በየሴኮንዱ የሚመጣ ስለሆነ፣ ለ10 ሴኮንድ ከጠፋ መዝገቡ እንዲዘጋ ሁለተኛ መዝጊያ ጨምርለት። ፋይሉን በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ኃይል እንዳይቋረጥበትም መሣሪያው ኤሌክትሪኩን ከቁልፉ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ያግኝ።

በእኔ አመለካከት ከሁሉ የሚልቀው ግን ከመክፈቻው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ውኃው 102 ሲደርስ ምክንያቱ አስቀድሞ ሥራውን ሠርቷል፤ ፋኑ ሳይነሣ ወይም ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ተርሞስታት ሳይከፈት የቀረው ቀደም ሲል ነው። መሣሪያው የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ዘወትር በጊዜያዊ ማኅደሩ ይዞ፣ መክፈቻው ሲነካ ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያስገባቸው። የሚከፍተው አንድ መልእክት ቢሆንም የሚመዘገበው እርሱ ብቻ መሆን የለበትም፤ የሞተሩን ዙር የያዘው 61444 እና የመኪናውን ፍጥነት የያዘው 65265 አብረው ይግቡ፤ አለዚያ ሞተሩ በከባድ ጭነት በዝቅተኛ ማርሽ ሲለፋ እንደ ጋለና ሳይለፋ እንደ ጋለ መለየት አትችልም።

አንተ ዘንድ ያሉት መኪኖች የፋኑን ሁኔታ በመስመሩ ላይ የሚያስተላልፉ ከሆነ የመልእክቱን ቁጥር ጻፍልኝ፤ እርሱንም ከምዝገባው ጋር ለመጨመር እፈልጋለሁ። ለእናትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከድሬዳዋ