የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ዓመቱን በአንድ ደህና መበየጃ

የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚለኝ ሰው መልሴ ከመበየጃው ይጀምራል። በር የሚበየድበትን ማለቴ አይደለም፤ እንደ እስክሪብቶ የሚያዘውን ሶልደሪንግ አይረን ነው። አምና የነበሩን ሙቀታቸውን መቆጣጠር የማይቻል ርካሾች ነበሩ። አንዱ ሊዱን፣ ማለትም ዕቃውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘውን ቀላጭ ሽቦ፣ እስኪያቀልጥ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይግልና የቦርዱን መዳብ ልጦ ያነሳዋል። ዘንድሮ በአባላቱ መዋጮና በጥቂት ወላጆች ድጋፍ አንድ ደህና መበየጃ ገዛን። 60 ዋት ነው፤ ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስተካከላል፤ ጫፉም ይቀየራል።

በዚያ ብር ሦስት ርካሽ አይገዛም ነበር ወይ ያሉን አሉ። ይገዛ ነበር። ግን ነገሩ ቁጥር አይደለም። ገበያ ላይ የምናገኘው 60/40 የሚባለው (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ የሆነው) ሊድ ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ የመበየጃው ጫፍ ደግሞ 350 አካባቢ ሲሆን ሥራው በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቃል። ሙቀቱ ካነሰ ልጁ ብረቱን ቦርዱ ላይ ደቅኖ ይቆያል፣ ዕቃው ይቃጠላል። ዋቱ ከፍ ያለ መሆኑም ለማቃጠል አይደለም፤ ጫፉ ሰፊ መዳብ ሲነካ የሚያጣውን ሙቀት ቶሎ እንዲተካ ነው። ጫፉንም ቢሆን እንደ መርፌ የሾለውን ትተን አፉ ጠፍጠፍ ያለውን መረጥን። የሾለው ለዓይን ያምራል፣ ሙቀት ግን በደንብ አያስተላልፍም።

ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ በክበባችን ክልክል ነው። ውስጡ መዳብ፣ ላዩ በስሱ ብረት የተለበጠ ነው። ልባጡ ከተላጠ ሊዱ ራሱ መዳቡን ይበላዋል፤ አምና ጫፎቻችን ያለቁት በዚህ ነው። አሁን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ይጠረጋል፣ ሲጠፋም ሊድ ተቀብቶ ይቀመጣል። ይህን የማያደርግ ልጅ ተራው ያልፈዋል።

ስብሰባዎቻችን በወጉ ተካሂደዋል፤ የዓርቡን ለጁምዓ ሰላት ብለን ወደ ሐሙስ አዙረነዋል፤ ኮሚቴ ተመርጧል፣ ቃለ ጉባኤም አለ።

መጻፍ የምፈልገው ስለ መርካቶው ጉብኝት ነው። የጅማ መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አባት ሱቃቸውን ከፈቱልን። ጠባብ ስለሆነች ልጆቹ ግማሹ በር ላይ ቆሞ ነው ያየው። ጠረጴዛቸው ላይ መቆጣጠሪያ የሌለው አሮጌ 60 ዋት መበየጃ ነበር፤ ገመዱ ግን በቀጥታ ሶኬት ውስጥ አይገባም። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያልፋል፣ ሣጥኑ ላይ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ልጆቹ ለማየት እንዲመቻቸው የተደረገ መብራት መሰላቸው። ሰውየው ስቀው «አምፖሉ ለምን ይመስላችኋል?» አሉ።

ሁሉም ዝም። ከኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ጠይቄያት እንኳ የምትሽኮረመም፣ «ጋሼ፣ ሲሪየስ ነው የገጠሙት፣ አንዱን ከአንዱ አስከትለው፤ 220 ቮልቱን ከመበየጃው ጋር ይካፈለዋል» አለች። ቀጥላም «የአሁኑ ኤልኢዲ አምፖል ቢሆን ግን አይሠራም» ብላ ጨመረች። ሰውየው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። እውነቷን ነው፤ አምፖሉ የመበየጃውን ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ያወርድላቸዋል፣ ስስ ሥራ ሲይዙ በዚህ ነው የሚሠሩት። ያንን ሲሪየስ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ፤ እሷ ግን ሰው እንጀራውን በሚያገኝበት የሥራ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ገመዱ ሲነካካ የሚጠፋ ሬዲዮ ሰጧት፤ የሶኬቱ እግር ቦርዱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ቀለበት የመሰለ ጭረት በአጉሊ መነጽር ይታያል። ጫፉን ስፖንጁ ላይ ጠረገች። ሊድ በትንሹ አስነካችው። ከዚያ ጫፉን እግሩንም መዳቡንም እንዲነካ አድርጋ ያዘች፣ በከንፈሯ ቆጠረች፣ ሊዱንም በወዲያኛው ጎን፣ ጫፉን ሳይሆን የጋለውን መጋጠሚያ አስነካች። ሊዱ ፈስሶ እግሩን ከበበው። መጀመሪያ ሊዱን፣ ቀጥላ ብረቱን አነሳች፤ እስኪረጋ እጇን አላንቀሳቀሰችም። የሚያብለጨልጭ፣ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ፣ ንጹሕ ሥራ። ሬዲዮው ሲከፈት በአፋን ኦሮሞ ዜና እየተነበበ ነበር። ገመዱን አወዛወዙት፣ አልጠፋም። ሰውየው ለባለቤቱ ሲያስረክቡ «እሷ ናት የሠራችው» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ለጀማሪዎቹ የምታስተምር ሆናለች፤ እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማልጨርሰውን እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትጨርሰዋለች።

የአምፖሉን ዘዴ ግን ትምህርት ቤት አንሠራውም። 220 ቮልት ነው፣ እሳቸውም በሣጥን ሸፍነው ነው።

ስለ ጭሱ ለተጨነቁ ወላጆች፦ ጭሱ የሚመጣው ሊዱ ውስጥ ካለው ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ ከሚረዳው ሙጫ መሰል ነገር) ነው እንጂ እርሳሱ በዚህ ሙቀት አይተንም። ያም ሆኖ ጭሱ ሳንባ ይቆጣል፤ ስለዚህ መስኮት ይከፈታል፣ አስም ያለበት ልጅ ልኬቱንና ቴስተሩን ይይዛል። እርሳሱ በእጅ ተነክቶ ወደ አፍ እንዳይገባ ክፍሉ ውስጥ ሳምቡሳም ቆሎም አይበላም፤ ሲወጡ ሁሉም በሳሙና ይታጠባል። ሳሙናውንም አባላቱ ናቸው የሚገዙት።

ያልተሳካም አለ። ወደ ግልገል ጊቤ አንድ ልንሄድ አስበን መኪና አላገኘንም፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በቅርባችን እያለ ልጆቹ በሥዕል ነው የሚያውቁት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራችን ይቆማል። አንድ ልጅ ጣቱን ትንሽ ተቃጥሏል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ስር አቆየነው፣ ድኗል። የመበየጃ ማስቀመጫ ስላጠረን የሆነ ነው። ለስፖርት ክበቡ ማሊያና ኳስ በየዓመቱ ይገዛል፣ ደግሞም ይገባዋል። የእኛ ክበብ ግን በአንድ መበየጃ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ይዞ ሌላ ዓመት ሊጀምር አይገባም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ተመሳሳይ መበየጃ ከነማስቀመጫቸው፣ መለዋወጫ ጫፍ፣ ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ሊድ። ብር ባይኖርም፣ ቤት ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ቻርጀር፣ ዲኮደር ካለ አምጡልን፤ ለልምምድ ከምንም በላይ እሱ ነው የሚጠቅመን። የድሮውን ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ግን አታምጡ፤ ከሶኬት ተነቅለውም ካፓሲተራቸው (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ የሚቀር ኃይል ልጅ ሊገድል ይችላል። ዕቃውን ለፊዚክስ ላቦራቶሪው ማስረከብ ይቻላል፤ ሐሙስ ከሰዓት እኔን ራሴን እዚያው ታገኙኛላችሁ።